ማን ገደላቸው? ስለ ኒዮን ቴትራ ዓሣ አያያዝ

ዓሣ ሲባል ብዙዎቻችን ትዝ የሚለን ወጥ ወይም ጥብስ ነው። ቆሮሶና አምባዛ ከሐይቅ ተይዘው ለገበያ ይቀርባሉ፤ እኛም ገዝተን እንበላለን። ይሁን እንጂ ሰው ለምግብ ሳይሆን ለዓይኑ ደስታ፣ ለልጆቹም ትምህርት ብሎ በቤቱ የሚያኖራቸው ትንንሽ ዓሣዎች አሉ። ከእነዚህም አንዱ ኒዮን ቴትራ ይባላል። እነዚህ ዓሣዎች በመስታወት ገንዳ ውስጥ ይኖራሉ። ገንዳው በውጭ ቋንቋ አኳሪየም ይባላል።

አንድ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊ ናቸው። አንድ ቅዳሜ ቀን ለዘጠኝ ዓመት ሴት ልጃቸው የመስታወት ገንዳ ገዙ። ከሥሩ ጠጠር አነጠፉና በቧንቧ ውኃ ሞሉት። በማግሥቱም አሥር ኒዮን ቴትራ ገዝተው አስገቡ። ሻጩ ገንዘቡን ተቀበለ እንጂ ምንም አልነገራቸውም። ቤተሰቡ በሙሉ ከገንዳው ፊት ተደርድሮ አመሸ። ልጅቷማ እራቷንም የበላችው እዚያው ቁጭ ብላ ነው።

ደስታው ግን አልቆየም። በሦስተኛው ቀን ዓሣዎቹ ምግብ እምቢ አሉ። በአምስተኛው ቀን ሁለቱ ሞተው ተገኙ። በአሥረኛው ቀን አንድ ዓሣ ብቻ ቀረ። እሱም ቀለሙ ደብዝዞ ከማጣሪያው ጀርባ ተሸሸገ።

«አባዬ፣ ምግብ ሰጠናቸው፤ ውኃ ሰጠናቸው፤ ታዲያ ማን ገደላቸው?» ብላ ልጅቷ ጠየቀች።

አባት መልስ አልነበራቸውም። አንዲት ጎረቤት «ዓይን ነው፤ ሰው አብዝቶ አያቸው» አሉ። ሌላው ደግሞ «የሞቃት አገር ዓሣ እዚህ ብርድ ላይ ምን ይሠራል?» አሉ። አባትም ገንዳውን ለመሸጥ አሰቡ።

የልጅቷ ጥያቄ ግን ተገቢ ጥያቄ ነበር። በብዙ አገር፣ በብዙ ቤት ኒዮን ቴትራ የሚሞተው በዚሁ ዓይነት ነው። የሚሞትበትም ምክንያት የታወቀ ነው። ምክንያቱን ለማወቅ አስቀድመን ዓሣውን ራሱን እንወቅ።

አገሩ የት ነው?

የኒዮን ቴትራ አገር ደቡብ አሜሪካ ነው። በላይኛው የአማዞን ወንዝ አካባቢ፣ በፔሩ፣ በኮሎምቢያና በብራዚል ጫካዎች ውስጥ በሚፈሱ ጅረቶች ይኖራል። ጆርጅ ማየርስ የተባሉ አሜሪካዊ የዓሣ ሊቅ በ1936 እ.ኤ.አ. ሳይንሳዊ ስም አወጡለት። ዛሬ ፓራኬይሮዶን ኢኔሲ ተብሎ ይጠራል። «ኢኔሲ» የሚለው ቃል የተወሰደው ስለ ዓሣ አያያዝ መጽሐፍና መጽሔት ያሳትሙ ከነበሩት ከዊሊያም ኢነስ ስም ነው።

ዓሣው በጣም ትንሽ ነው። ርዝመቱ ከ3 እስከ 4 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው። ከዓይኑ ጀምሮ በጎኑ ላይ የሚያበራ ሰማያዊ መስመር አለው። ከሆዱ አጋማሽ እስከ ጭራው ድረስ ደግሞ ቀይ ነው። በከተማ መንገድ ላይ ሌሊት የሚያበሩ የኒዮን መብራቶች አሉ፤ ዓሣው ስሙን ያገኘው ከእነሱ ነው።

ሰማያዊው መስመር እንደ ቀለም የተቀባ አይደለም። በቆዳው ውስጥ ያሉ እጅግ ጥቃቅን ክሪስታሎች ብርሃን ሲያርፍባቸው እንደ መስታወት መልሰው ያንጸባርቁታል። ስለዚህ ሌሊት በጨለማ መስመሩ ይደበዝዛል፤ ሲነጋ ተመልሶ ያበራል። ሌሊት ድንገት መብራት አብርቶ ዓሣው ገርጥቶ ያየ ሰው መደንገጥ የለበትም። ቀን በብርሃንም ገርጥቶ ከታየ ግን አንድ ችግር አለ ማለት ነው።

ዓሣው የሚኖርበት ውኃ እንዴት ያለ ነው? የጫካው ቅጠል ወደ ጅረቱ ይረግፋል። ቅጠሉ ሲበሰብስ ውኃውን እንደ ቀጭን ሻይ ያቀላዋል። ከላይ ያሉት ዛፎች ፀሐይን ስለሚጋርዱ ብርሃኑ ደካማ ነው። ውኃው ሞቃት ነው፤ በውስጡ የሚሟሟው ማዕድንም ጥቂት ነው። እንግዲህ ኒዮን ቴትራ የለመደው ጥላ፣ ሙቀትና ለስላሳ ውኃ ነው። ዛሬ በገበያ የሚሸጡት አብዛኞቹ በእርባታ የተገኙ ናቸው። በእርባታ ያደጉት ትንሽ ማዕድን ያለበትንም ውኃ ይለምዳሉ።

ለምን በመንጋ ይኖራል?

ኒዮን ቴትራ ብቻውን አይኖርም። በተፈጥሮው በመንጋ የሚሄድ ዓሣ ነው። በጅረቱ ውስጥ ትልልቅ ዓሣዎችና ወፎች ይበሉታል። እሱ ደግሞ ጥርሱም ጉልበቱም አያስጥለውም። የሚያድነው ኅብረቱ ብቻ ነው።

ኅብረቱ የሚጠቅመው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛ፣ ሃምሳ ዓሣ መቶ ዓይን አለው። አንዱ ጠላት አይቶ ሲደነግጥ ሁሉም ይደነግጣል። ሁለተኛ፣ ጠላት ወደ መንጋው ሲወረወር ሁሉም አንድ ዓይነት ሆነው ወዲያና ወዲህ ሲራወጡ የትኛውን እንደሚይዝ ግራ ይገባዋል። አንዱን ሲከተል ሌላው ዓይኑን ይወስደዋል፤ በዚህ መሐል ሁሉም ያመልጣሉ። «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» የተባለው በእነዚህም ይሠራል።

መንጋው አለቃ የለውም። እያንዳንዱ ዓሣ አጠገቡ ያሉትን እያየ ይሄዳል። በዓይኑ ብቻም አይደለም። በጎኑ በኩል የውኃን ንቅናቄ የሚሰማበት አካል አለው። ጎረቤቱ ሲዞር የውኃውን ግፊት ይሰማና አብሮ ይዞራል።

ታዲያ አንዱን ወይም ሁለቱን ብቻ ገዝተን ብናኖርስ? ዓሣው ጠላት እንደመጣበት ሁሉ ቀኑን ሙሉ ይሸሸጋል። ምግብ ለመውሰድ ይፈራል። ፍርሃቱ ሲረዝም አካሉ ይደክማል፤ ለበሽታም ይጋለጣል። ስለዚህ ኒዮን ቴትራ ከስድስት አንሶ መገዛት የለበትም። አሥርና ከዚያ በላይ ቢሆን ደግሞ ይመረጣል። አንዳንድ ሰው «ከእያንዳንዱ ዓይነት ሁለት ሁለት ስጠኝ» ይላል። ይህ ስሕተት ነው። ሁለት ሁለት ሆነው ከሚፈሩ አምስት ዓይነቶች ይልቅ አሥር ሆኖ የሚደፍር አንድ ዓይነት ይሻላል።

ቤቱን ማዘጋጀት

ለአሥር ኒዮን ቴትራ 60 ሊትር የሚይዝ ገንዳ ይበቃል። ገንዳው ስንት ሊትር እንደሚይዝ ማስላት ቀላል ነው። ርዝመቱ 60፣ ወርዱ 30፣ የውኃው ከፍታ 35 ሴንቲ ሜትር ነው እንበል። ሦስቱን ስናባዛ 63,000 ይሆናል። ይህንን ለ1,000 ስናካፍል 63 ሊትር እናገኛለን።

አንድ ሊትር ውኃ አንድ ኪሎ ይመዝናል። ስለዚህ ውኃው ብቻ 63 ኪሎ ነው። መስታወቱና ጠጠሩ ሲጨመር ከዚያ ይበልጣል። ጠረጴዛው ይህንን መሸከም የሚችልና የማይወላወል መሆን አለበት። ከሞላ በኋላ ማንቀሳቀስ አይቻልም፤ ስለዚህ ቦታው አስቀድሞ ይታሰብበት። ፀሐይ የሚገባበት መስኮት አጠገብ ከተቀመጠ ውኃው ቶሎ አረንጓዴ ይሆናል።

ከገንዳው ሌላ የሚከተሉት ያስፈልጋሉ፦

ማሞቂያ። የዓሣው ምቹ ሙቀት ከ22 እስከ 26 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ነው። እንደ አዲስ አበባ ባለ ደጋ አገር፣ በተለይም በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት፣ ያለ ማሞቂያ ይህ አይገኝም። በግምት ለአንድ ሊትር ውኃ አንድ ዋት ይታሰባል፤ ቤቱ ቀዝቃዛ ከሆነ ከፍ ይደረጋል። «የሞቃት አገር ዓሣ እዚህ ምን ይሠራል?» ላሉት ሰውየ መልሱ ይኸው ነው።

ቴርሞሜትር። ማሞቂያው መሥራቱን በእጅ እየነኩ መገመት አይበቃም፤ በዓይን ማንበብ ያስፈልጋል።

ማጣሪያ። ውኃውን እየሳበ በስፖንጅ ውስጥ የሚያሳልፍ ትንሽ መሣሪያ ነው። ዋናው ሥራው ብዙዎች እንደሚያስቡት ቆሻሻ መያዝ ብቻ አይደለም። ስለዚህ ጉዳይ ወደ ኋላ እንመለሳለን።

ክዳን፣ ጠቆር ያለ ጠጠርና የውኃ ተክል። ክዳኑ ዓሣው ዘሎ እንዳይወጣ ይከለክላል። ጠቆር ያለው ጠጠርና ተክሉ ዓሣውን ያረጋጉታል፤ ቀለሙም ደምቆ ይታያል።

ሌላም ልብ ልንለው የሚገባ ነገር አለ። በከፍታ ቦታ አየሩ ሳሳ ያለ ስለሆነ ውኃ የሚይዘው ኦክሲጅን ከቆላው ያንሳል። ውኃ ሲሞቅም እንዲሁ ይቀንሳል። ስለዚህ ደጋ ላይ ገንዳውን በዓሣ ማጨናነቅ አይገባም። ማጣሪያውም የውኃውን ፊት እንዲያንቀሳቅስ ሆኖ ይቀመጥ። አየር ወደ ውኃው የሚገባው በዚያ በኩል ነው።

የኤሌክትሪክ ነገር ጥንቃቄ ይፈልጋል። እጅ ወደ ውኃው ከመግባቱ በፊት ሁሉም ከሶኬት ይነቀል። ማሞቂያው እየሠራ ከውኃ ከወጣ መስታወቱ ሊሰነጠቅ ይችላል። ሽቦው ወደ ሶኬቱ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ዘንበል ብሎ እንዲያልፍ ይደረግ፤ እንዲህ ከሆነ በሽቦው ላይ የሚወርድ ጠብታ ወደ ሶኬቱ ሳይሆን ወደ መሬት ይወድቃል።

የማይታየው መርዝ

አሁን ወደ ልጅቷ ጥያቄ እንመለስ። ማን ገደላቸው?

ልጅቷ ነገሩን ለሳይንስ አስተማሪዋ ነገረች። አስተማሪው ራሳቸው ለብዙ ጊዜ ዓሣ ያኖሩ ነበርና አንድ ቀን ቤታቸው ድረስ መጡ። ገንዳውን አዩ። ውኃው ኩልል ያለ ነው።

«ውኃው እኮ ንጹሕ ነው፤» አሉ አባት።

«ንጹሕ የሚመስል ውኃና ንጹሕ ውኃ አንድ አይደሉም፣ ወንድሜ፤» አሉ አስተማሪው። «ለመሆኑ ሳይጸዳ የከረመ በረት ገብተው ያውቃሉ? ዓይን የሚያቃጥል፣ አፍንጫ የሚሰነፍጥ ሽታ አለው አይደል? ያ ሽታ አሞኒያ ይባላል። እዚህም ውኃ ውስጥ ያለው እሱ ነው። መጠኑ ጥቂት ስለሆነ እኛ አይሸተንም፤ ዓሣውን ግን ይገድለዋል።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓሣ በሚተነፍስበት ስንጥብ በኩል አሞኒያ ያስወጣል። ኩሱና ሳይበላ የቀረ ምግብም ሲበሰብስ አሞኒያ ይሆናል። በወንዝ ውስጥ ውኃው ብዙ ስለሆነ፣ ስለሚፈስም፣ አሞኒያው አይከማችም። በገንዳ ውስጥ ግን መሄጃ የለውም። ዓሣው በገዛ ቆሻሻው ውስጥ ተዘግቶበት ይቀራል። አሞኒያው ስንጥቡን ያቃጥለዋል፤ መተንፈስ ያቅተዋል።

እንዲህ ከሆነ በገንዳ ውስጥ ዓሣ እንዴት ይኖራል? የሚኖረው በማይታዩ ሠራተኞች ድካም ነው። እነዚህ ሠራተኞች ባክቴሪያዎች ናቸው። ባክቴሪያ ሲባል በሽታ ብቻ የሚመስለው ሰው አለ፤ ነገር ግን ጠቃሚዎችም አሉ። አንደኛው ወገን አሞኒያን ወደ ናይትራይት ይለውጣል። ናይትራይትም መርዝ ነው፤ የዓሣውን ደም ኦክሲጅን እንዳይሸከም ያደርገዋል። ሁለተኛው ወገን ናይትራይትን ወደ ናይትሬት ይለውጣል። ናይትሬት መጠኑ ካልበዛ ብዙም አይጎዳም፤ የውኃ ተክልም ይመገበዋል። የተረፈውን እኛ ውኃ በመቀየር እናስወግደዋለን።

እነዚህ ባክቴሪያዎች የሚኖሩት በጠጠሩና በተለይም በማጣሪያው ስፖንጅ ላይ ተጣብቀው ነው። የማጣሪያው ዋና ሥራ እንግዲህ ለእነሱ ቤት መሆንና አየር ያለበት ውኃ ማቅረብ ነው። በአዲስ ገንዳ ውስጥ ግን ገና የሉም ማለት ይቻላል። ተራብተው እስኪበቁ ድረስ ብዙውን ጊዜ ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ኒዮን ቴትራ ደግሞ ይህን የመጀመሪያ ጊዜ መቋቋም ከማይችሉት ዓሣዎች አንዱ ነው።

«እንግዲህ አሥሩን ዓሣ ያስገባችሁት ባዶ ቤት ውስጥ ነው፤ ሠራተኞቹ ገና አልመጡም ነበር፤» አሉ አስተማሪው።

ልጅቷ ዝም ብላ ቆየች። «ታዲያ እኛ ነን የገደልናቸው?» አለች።

«አለማወቅ ነው የገደላቸው። ሰው ግን ዓይን ነው እያለ ከተወው አለማወቁ አይለቀውም።»

እርሾ የሌለው ሊጥ

አስተማሪው ለእናትየዋም በሚገባቸው ነገር አስረዱ። እንጀራ ለመጋገር ሊጥ ይቦካል። እርሾ ከሌለ ሊጡ ብዙ ቀን ይፈጃል። እርሾ ከጎረቤት ከተገኘ ቶሎ ይቦካል። ገንዳም እንደዚሁ ነው። ጤነኛ ዓሣ ካለበት አሮጌ ገንዳ አንድ ቁራጭ ስፖንጅ ወስዶ በአዲሱ ማጣሪያ ውስጥ መጨመር እንደ እርሾ ያገለግላል። ሆኖም ሊጡ መቡካቱ ሳይታይ ምጣድ እንደማይጣድ ሁሉ፣ ውኃው ሳይመረመር ዓሣ አይገባም።

እርሾ ካልተገኘ እንዴት ይደረጋል? ገንዳው ተሞልቶ፣ ማጣሪያውና ማሞቂያው እየሠሩ፣ በየቀኑ ቁንጥር የዓሣ ምግብ ይጨመራል። ምግቡ ሲበሰብስ አሞኒያ ይፈጠራል፤ አሞኒያውን የሚበሉት ባክቴሪያዎች ይራባሉ። ዓሣ ሳይሞት ቤቱ ይዘጋጃል ማለት ነው። በጠብታ ወይም በወረቀት የሚሠሩ የውኃ መመርመሪያዎች አሉ። አሞኒያው ዜሮ፣ ናይትራይቱም ዜሮ ሲሆንና ናይትሬት ሲታይ ቤቱ ተዘጋጀ ይባላል። ከዚያም ከውኃው ብዙው ተቀይሮ ዓሣ ይገባል።

በቧንቧ ውኃ ውስጥ ደግሞ ክሎሪን አለ። ክሎሪን ለእኛ ጤና ተብሎ ጀርም እንዲገድል የሚጨመር ነው። ነገር ግን የዓሣውን ስንጥብ ይጎዳል፤ ጠቃሚዎቹንም ባክቴሪያዎች ይገድላል። አፉ በተከፈተ ባልዲ አንድ ቀንና አንድ ሌሊት ከቆየ ክሎሪኑ ይወጣል። ክሎራሚን የተባለው ዓይነት ግን በማሳደር አይወጣም፤ ለእሱ በዓሣ መሸጫ የሚገኝ ማርከሻ ጠብታ ያስፈልጋል።

ከሁሉ የሚከፋው ስሕተት ማጣሪያውን «በደንብ ላጽዳው» ብሎ በቧንቧ ውኃ ፈትጎ ማጠብ ነው። ይህ እርሾውን ከነቡሃቃው አጥቦ እንደ መድፋት ነው። ስፖንጁ ሲደፈን ከገንዳው በተቀዳ ውኃ ለቅለቅ ማድረግ ብቻ ይበቃል። ቡናማ ሆኖ ቢታይም አይጠላም፤ ሠራተኞቹ ያሉት እዚያ ነው።

ዓሣዎቹ ሲገቡ

ስንገዛ አብረው የሚዋኙትን፣ ቀለማቸው የደመቀውን፣ ነጭ ነጥብ የሌለባቸውን እንምረጥ። በሻጩ ገንዳ ውስጥ የሞተ ዓሣ ካየን ከዚያ ገንዳ አንግዛ።

ዓሣው በላስቲክ ከረጢት ከመጣ ወዲያው አይደፋም። ከረጢቱ ለ20 ደቂቃ ያህል በገንዳው ላይ ይንሳፈፍ፤ ሙቀቱ እኩል ይሆናል። ከዚያ ጥቂት ጥቂት የገንዳ ውኃ ወደ ከረጢቱ ይጨመር። በመጨረሻም ዓሣው በመረብ ተቀድቶ ይግባ፤ የከረጢቱ ውኃ ይደፋ። በዚያ ቀን መብራቱ ጠፍቶ ይዋል።

ሁሉንም በአንድ ጊዜ አለማስገባት ይመረጣል። መጀመሪያ ስድስት፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ ቀሪዎቹ ቢገቡ ባክቴሪያዎቹ ከሚጨመረው ቆሻሻ ጋር እኩል ለመራባት ጊዜ ያገኛሉ።

ጎረቤት ሆነው ሊኖሩ የሚችሉት ሌሎች ትንንሽና ሰላማዊ ዓሣዎች ናቸው። ትልልቅ ዓሣ አብሮ አይኖርም። በገበያ ላይ የምትታየው ውብ ኤንጀል ዓሣ እንኳ ስታድግ ኒዮን ቴትራን ትውጣለች። አፉ የሚያስገባውን ዓሣ የሚተው ዓሣ የለም።

ምግብና የሳምንት ሥራ

የኒዮን ቴትራ አፍ ጠባብ ነው። ደረቁ የዓሣ ምግብ በጣት ተፈርፍሮ ይሰጠው። ጥቃቅን የውኃ ነፍሳትና የትንኝ እጭም ይወዳል። በቀን አንድ ወይም ሁለት ጊዜ፣ በሁለት ደቂቃ ውስጥ በልቶ የሚጨርሰውን ያህል ብቻ ይበቃል። እንግዳ በመጣ ቁጥር ልጆች «እስቲ ይብሉ» እያሉ እንዳይጨምሩ መምከር ያስፈልጋል። የዳቦና የእንጀራ ፍርፋሪም አይሰጥ። ምግብ የተረፈው ዓሣ አይጠግብበትም፤ ይመረዝበታል እንጂ።

በሳምንት አንድ ጊዜ ከውኃው ሩብ ያህሉ ይቀየራል። አዲሱ ውኃ ክሎሪኑ የወጣለትና ሙቀቱ ከገንዳው ጋር የተስማማ ይሁን። ከጠጠሩ ላይም ቆሻሻው በቱቦ ይሳብ። ውኃውን በሙሉ ቀይሮ ገንዳውን አራግፎ ማጠብ ግን ጽዳት አይደለም፤ ሁሉንም ከእንደገና መጀመር ነው። የሚወጣው ውኃ ለአትክልት ጥሩ ማዳበሪያ ስለሆነ አይባክንም።

መብራት ሲጠፋ

መብራት ሲጠፋ ማሞቂያውም ማጣሪያውም ይቆማሉ። እንዲህ ሲሆን ዓሣውን አለመመገብ ያስፈልጋል። ገንዳው በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ ይሸፈን፤ ብዙ ውኃ ቶሎ አይቀዘቅዝም። በየጊዜው በኩባያ ውኃ እየቀዱ ከፍ አድርጎ መልሶ ማፍሰስ አየር ያስገባል። ብዙ ሰዓት ከቆየ በስፖንጁ ላይ ያሉት ባክቴሪያዎች በአየር እጦት መሞት ይጀምራሉ። ስለዚህ መብራቱ ሲመጣ ስፖንጁን ከገንዳው በተቀዳ ውኃ ለቅለቅ አድርጎ መመለስ ይገባል።

ከመንጋው የተለየ ዓሣ

መንጋውን በየቀኑ መቁጠር ጥሩ ልማድ ነው። አንድ ዓሣ ከመንጋው ተነጥሎ ብቻውን ከቆመ የመጀመሪያው የሕመም ምልክት ሊሆን ይችላል። በዚህ ዓሣ ስም የሚጠራ «የኒዮን በሽታ» የሚባል አለ። በዓይን የማይታይ ጥገኛ ሕዋስ ጡንቻውን ይበላዋል። መስመሩ ይነጣል፤ ዓሣው ይጎብጣል። አስተማማኝ መድኃኒት የለውም። ጤነኞቹ የሞተውን ሲበሉ በሽታው ይተላለፍባቸዋል። ስለዚህ የታመመው ቶሎ ለብቻው ይደረግ፤ የሞተውም ሳያድር ይውጣ።

በደንብ የተያዘ ኒዮን ቴትራ አምስት ዓመት ያህል ሊኖር ይችላል። በቤት ማስረባት ግን ለጀማሪ አይሆንም። እጅግ ለስላሳ ውኃና ጨለማ ይፈልጋል፤ ወላጆቹም ዕንቁላላቸውን ይበላሉ።

ወደ ወንዝና ሐይቅ አይለቀቅ

ዓሣ ማኖር የሰለቸው ሰው «ነፃ ላውጣቸው» ብሎ ወደ ወንዝ ወይም ሐይቅ መልቀቅ የለበትም። ባዕድ ፍጥረት ከነበሽታው ይሄዳል። ለዚህ ምስክር ፍለጋ ሩቅ አንሄድም። የእምቦጭ አረም አገሩ እንደ ኒዮን ቴትራ ደቡብ አሜሪካ ነው። አበባው ስለሚያምር ሰው ከአገር ወደ አገር አዛወረው። ከ2011 እ.ኤ.አ. ወዲህ በጣና ሐይቅ ላይ ተዛምቶ ገበሬውንና ዓሣ አጥማጁን ስንት አስለፋ! በጣና ውስጥ ደግሞ በዓለም ላይ ሌላ ቦታ የማይገኙ ከአሥር የሚበልጡ የዓሣ ዓይነቶች አሉ። ስለዚህ ዓሣም ሆነ የገንዳ ተክል ለሌላ አኗሪ ይሰጥ እንጂ አይለቀቅ።

ልጅቷ የጻፈችው

ጎረቤታችን ገንዳውን አልሸጡም። አስተማሪው የቀረውን አንድ ዓሣ ወደ ቤታቸው ወስደው ከራሳቸው መንጋ ጋር አቆዩት። ውጭ አገር ያለ ዘመድም የውኃ መመርመሪያ ላከ። ልጅቷ ደብተር ከፍታ በየሁለት ቀኑ ያየችውን መጻፍ ጀመረች።

በሁለተኛው ሳምንት አሞኒያው ከፍ አለ። በሦስተኛው ሳምንት ናይትራይቱ ተነሣ፤ አሞኒያው ወረደ። በአምስተኛው ሳምንት ናይትራይቱም መውረድ ጀመረ። ባዶ ገንዳ መመልከት የሰለቻቸው ወንድሞቿ «አሁንስ ዓሣ እናስገባ!» ሲሉ ደብተሯን እያሳየች «ገና ነው» ትላቸው ነበር። አባቷም «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል» እያሉ አገዟት። በስድስተኛው ሳምንት ማብቂያ ሁለቱም ዜሮ ሆኑ። ልጅቷ ቀኑን ጽፋ ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት።

አስተማሪው ያችን አንዷን ዓሣ መልሰው አመጧት። ከአዲስ አምስት ዓሣዎች ጋር ገባች። ከሁለት ሳምንት በኋላ ደግሞ አራት ተጨመሩ። በድምሩ አሥር ሆኑ።

ይህ ጽሑፍ ሲዘጋጅ ስምንት ወር አልፏል፤ አሥሩም አሉ። በቅርቡ እቤታቸው ሄጄ «የድሮዋ ዓሣ የትኛዋ ናት?» ብዬ ልጅቷን ጠየቅኋት። ፊቷን ወደ መስታወቱ አስጠግታ ብዙ ፈለገች። አሥሩ ዓሣዎች አንድ ላይ ወደ ቀኝ ሄዱ፤ አንድ ላይ ተመለሱ።

«አላውቃትም፤ ከሌሎቹ ጋር ተቀላቅላለች፤» አለች።

የመወያያ ጥያቄዎች

1. ኒዮን ቴትራ ከስድስት አንሶ መገዛት የሌለበት ለምንድን ነው?

2. ኩልል ያለ ውኃ ዓሣን ሊገድል የሚችለው እንዴት ነው?

3. የማጣሪያ ስፖንጅ ከእርሾ ጋር የተመሳሰለው ለምንድን ነው?

4. ርዝመቱ 80፣ ወርዱ 30፣ የውኃው ከፍታ 40 ሴንቲ ሜትር የሆነ ገንዳ ስንት ሊትር ይይዛል? ውኃው ስንት ኪሎ ይመዝናል?

5. በአካባቢያችሁ ምክንያቱ ሳይመረመር «ዓይን ነው» ተብሎ የሚታለፍ ጉዳት አለ? ተወያዩበት።